ኮሶ በወጥ ቤት ጭልፋ

እስቲ ተቀመጡና ስሙኝ። ሆዱን የሚያመው ካለ ቀረብ ይበል። የማያመውም ቢሆን አይሂድ፣ ተራው ሲደርስ ያመዋል።

አንዳርጌ እባላለሁ። ቡሬ ከተማ ውስጥ ያለ የአንድ ኮሌጅ ወጥ ቤት አለቃ ነኝ። ተማሪዎቹ «ሼፍ» ይሉኛል። ባለቤቴ የሺ ደግሞ ስትቆጣ የምትጠራኝ ሌላ ስም አላት፣ እሱ እዚህ አይጻፍም። ትምህርት ከስምንተኛ ክፍል ነው የተውኩት። ከዚያ ወዲያ ያወቅሁትን ሁሉ ያወቅሁት በራሴ ነው፣ ያወቅሁትም ብዙ ነው።

ሁለት መጽሐፍ አለኝ፤ ሁለቱም በርበሬው ማስቀመጫ አጠገብ ስለሚቀመጡ ሲገለጡ ያስነጥሳሉ። አንደኛው ብዙ ሰው የሚበላበትን ወጥ ቤት እንዴት እንደሚያስተዳድሩት የሚያስተምር ነው፤ እቃ አገዛዙን፣ አጠባበቁን፣ ድርሻ አለካኩን። ሁለተኛው የባህል መድኃኒት መጽሐፍ ነው፤ ቅጠሉን ከነሥሩ፣ በሽታውን ከነመድኃኒቱ ይዘረዝራል። ቅዳሜ ገበያ ነው የገዛሁት። አንዱ ሰውን እንዴት እንደማበላ ይነግረኛል፣ ሌላው የበላው ሰው ሲታመም ምን እንደማጠጣው ይነግረኛል። በሁለቱ መካከል ያመለጠኝ እውቀት የለም እል ነበር።

ከመጀመሪያው መጽሐፍ የተማርኩትን አንድ ነገር ለሠራተኛ ሁሉ ሳስተምር ኖሬአለሁ። ሰው ሲበዛ ምስሩን ታበዛለህ፣ ሚጥሚጣውን ግን በዚያው ልክ አታበዛም። ለአሥር ሰው አንድ ማንኪያ ከበቃ ለመቶ ሰው አሥር ማንኪያ ብትጨምር መቶውን ሰው ታቃጥላለህ። የሚያቃጥል ነገር በእጅ ሳይሆን በፍርሃት ነው የሚለካ።

ሌላው ኩራቴ ምስሬ ነው። ጆንያው ሲመጣ በሰፌድ አስለቅማለሁ፣ ራሴ ደግሜ እለቅማለሁ፣ ታጥቦም አየዋለሁ። «በእኔ ምስር ጥርሱ የተሰበረ ሰው የለም!» ይህን በሠርግ ላይ እላለሁ፣ በዝክር ላይ እላለሁ፣ አንዴም በለቅሶ ቤት ብዬ የሺ ቆንጥጣኛለች።

ጭልፋዬንም ማወቅ አለባችሁ። ቀጥቃጭ ዘንድ ሂጄ አስለክቼ ያሠራሁት ነው። እጀታው የክንዴን ያህል ይረዝማል፣ ጉድጓዱ የወታደር ቆብ ያክላል። አንዴ ከጨለፍኩ ለአምስት ተማሪ ይበቃል። ከወጥ ቤት ስወጣ ይዤው እወጣለሁ፤ ሌላ ሰው እንዲነካብኝ አልፈልግም።

በሽታው የጀመረኝ በጥር፣ ሠርግ ላይ ነው። የኮሌጁ መምህር ሲያገባ ወጡን የሠራሁ እኔ ነኝ። ዶሮውን ቀመስኩ፣ ቅልጥሙን ቀመስኩ፣ ቅቤውን ደግሞ እንዳይበላሽ ብዬ አብዝቼ ቀመስኩ። ሰዉ እስክስታ ላይ እያለ አንድ ነገር ከቀኝ ጎድኔ ሥር ማጭድ አስገብቶ ያጭደኝ ጀመር። ሕመሙ ወደ ጀርባዬ ዞረ፣ ትከሻዬ ላይ ወጣ፣ ተመልሶ ወርዶ እንደገና ወጋኝ። የሽንኩርቱ ጆንያ ላይ ወደቅሁ። ረዳቴ ስንታየሁ መጣች።

«ሼፍ፣ ምን ሁነው ነው?»

«ምንም አልሆንኩም፣ ወጡን አማስይ!»

«ፊትዎ አመድ መስሏል እኮ።»

«አመድ ይምሰል! ወጡ ከሥር እያረረ ነው!»

ወጡ አላረረም። ያረርኩት እኔ ነኝ።

አንድ ክሊኒክ ሄድኩ። ደም ተወሰደና «ታይፎይድ ነው» ተባለ። መርፌውን ተወጋሁ፣ ቂጤ እንደ በርበሬ መውቀጫ ሆነ። ሥጋ ስበላ ደገመኝ። ሌላ ክሊኒክ ሄድኩ፣ «ጨጓራ ነው» ተባለና ኖራ የመሰለ ሽሮፕ ጠጣሁ። ደገመኝ። ሦስተኛው ዘንድ አሜባ ሆነ። እዚያ አግዳሚ ወንበር ላይ ተኮራምቼ ጥርሴን ሳፋጭ አንዲት እናት አዩኝና ጋቢያቸውን አጥፈው ከጎኔ ሥር ወሸቁልኝ። «በሱ ተደገፍበት ልጄ፣ ወንበሩ አጥንት ይበላል» አሉኝ። እሳቸው ሳል እየገደላቸው ነው የመጡት። ከዚያ ክሊኒክ ያገኘሁት መድኃኒት ያ ጋቢ ብቻ ነው።

እንዲህ እንዲህ እያልኩ ዐቢይ ጾም ገባ። ዘይቱ ተወዶ ስለነበር ሽሮው በውኃ ነው የሚሠራው፣ ጎመኑም እንደዚያው። ምን ሆነ መሰላችሁ? ሕመሙ ጠፋ! ጾሙን ሙሉ እንደ ጥጃ ዘለልኩ። ፋሲካ ሲመጣ በጉ ታረደ፣ ቅቤው ተነጠረ፣ ገና ሁለት ጉርሻ ሳልውጥ ያ ማጭድ ተመለሰ። የሺ እግሬን ይዛ ታለቅሳለች፣ እኔ መሬቱን እነክሳለሁ።

እንግዲህ አሁን የእኔን ጭንቅላት ተመልከቱ። አሰብኩ። ስጾም ይተኛል፣ ስፈስክ ይነሳል። ሥጋና ቅቤ የሚወድ፣ ሽሮ የሚጠላ፣ ሆድ ውስጥ የሚኖር ነገር ምንድን ነው? የኮሶ ትል! ሦስት ክሊኒክ ያላወቀውን እኔ ቁጭ ብዬ አወቅሁት። የባህል መድኃኒቱን መጽሐፍ ገለጥኩ፣ አስነጠስኩ፣ አነበብኩ። የደረቀ ኮሶ ተወቅጦ አንድ ጭልፋ፣ ሌሊቱን በውኃ ተዘፍዝፎ፣ ጠዋት በባዶ ሆድ ይጠጣል ይላል።

አንድ ጭልፋ። ቤቱ ውስጥ ጭልፋ ምን አለ? የእኔ ጭልፋ።

የሺ በሩ ላይ ቆማ እያየችኝ ነበር።

«አንዳርጌ፣ እናቴ ስትሰጥ እንዲህ አይደለም። በእፍኝ ትንሽ ነው።»

«እናትሽ መጽሐፍ አንብባለች?»

«እናቴ ሰባት ልጅ አሽራለች።»

«ያኔ ትሉም ትንሽ ነበር። የእኔ ትል ቅልጥም የበላ ነው!»

እስከ አፉ ሞልቼ ጨለፍኩ። ለእርግጠኝነት ብዬ ደግሞ ትንሽ ጨመርኩ። ሚጥሚጣን በፍርሃት ለኩ እያልኩ ሰውን ያስተማርኩት ሰውዬ ኮሶን በልበ ሙሉነት ለካሁ።

የእኛ አገር ወግ ታውቃላችሁ፤ ኮሶ የጠጣ ሰው አይጎበኝም። ጓዳ ይገባል፣ በር ይዘጋል፣ ትሉ እስኪወጣ ማንም አያናግረውም። እንግዳ ሲመጣ «ኮሶ ጠጥቷል» ከተባለ ተመልሶ ይሄዳል፣ ቅር አይለውም። እኔም ጠዋት አፍንጫዬን ይዤ ጠጣሁት፣ ጓዳ ገባሁ፣ «እኔ ሳልጠራሽ እንዳትገቢ» ብዬ በሩን ዘጋሁ። ጭልፋዬ እጄ ላይ ነው። ማሻሪያ የሚሆነኝን ማር የሺ በቅል አስቀምጣልኛለች።

መጀመሪያ ዝም አለ። ከዚያ ኮሶው ተነሳብኝ።

ምኑን ልንገራችሁ? ሆዴን ሁለት በሬ ግራና ቀኝ ጎተተው። ከላይ ይወጣል፣ ከታች ይወጣል፣ ሁለቱም መውጫ አልበቃ ብሎት ጆሮዬ ይጮኻል። ያ የጎድኔ ማጭድም ተራ ሳይጠብቅ መጣ። ግድግዳውን በጭንቅላቴ መታሁት፣ ጭቃው ረገፈ። የአልጋውን እግር ነክሼ ቅርፊቱን አነሳሁት። «አውጡኝ!» ብዬ አገሳሁ። የዚያን ሰሞን ደግሞ ከከተማው ዳር ተኩስ አለ፤ ከውጭ ጥይቱ ይጮኻል፣ ከውስጥ እኔ እጮኻለሁ።

ጎረቤታችን አያ ቢያድግልኝ ጩኸቴን ሰምተው መጡ። ሽማግሌ ናቸው፣ በኮሶ ጉዳይ ግን እንደ ዳኛ ነው የሚፈርዱት። ከበሩ ውጭ ሲነጋገሩ ይሰማኛል።

«የሺ፣ ምንድን ነው ይኼ?»

«አንዳርጌ ነው አያ። ኮሶ ጠጥቶ ነው።»

«ደግ አደረገ! ተይው ይጩህ። ያላስጮኸ ኮሶ ምኑን ኮሶ ሆነ?»

«ግድግዳውን እየመታው ነው እኮ አያ።»

«ትሉ ነው የሚያስመታው። በሩን እንዳትከፍቺ።»

ሄዱ። ሌላም ሰው መጣ፣ ሌላም ሰው ተመለሰ። እየሞትኩ እያለሁ የሰፈሩ ሰው ሁሉ እየመረቀኝ ተመለሰ።

ከዚያ ዓይኔ ጠፋ። ፀሐይ በመስኮቷ ቀዳዳ እየገባች ነበር፣ ድንገት ጉም እንደመሰለ ነገር መጣና ሸፈናት። ከዚያ ጉሙም ጠፋና ጥቁር ሆነ። ዓይኔን አሸሁ፣ ጣቴን ዓይኔ ላይ አስጠግቼ አየሁ፣ ጣት የለም። ያኔ አበድኩ። አውሬ የገባ መሰለኝ። በሩ ሲንቋቋ ሰማሁ፣ አንድ ነገር እየተንኮሻኮሸ ወደ እኔ መጣ። ጭልፋዬን በሁለት እጄ ይዤ ባለ በሌለ ኃይሌ አወናጨፍኩት። ቋ! አለ። አንድ ነገር ተሰበረ። የጠላ ጋናችን ጓዳ ውስጥ ጥግ ላይ ነው የሚቀመጠው፤ ጋኑን የሰበርኩ መሰለኝ። ከዚያ እጅ ያዘኝ። የየሺ እጅ ነው።

«ጋኑን ሰበርኩት?» አልኳት።

«አዎ፣ ተሰበረ። ና፣ ተነሳ» አለችኝ። ድምጿ ከአፏ ሳይሆን ከጨርቅ ውስጥ የሚወጣ ይመስል ነበር።

ኮሶ የጠጣ ሰው ያለበትን በር ከፍታ የገባች ሴት በሰፈራችን እሷ ብቻ ሳትሆን አትቀርም። ገብታ ባታወጣኝ ይህን የምትሰሙት ከእኔ ሳይሆን ከአልቃሽ ነበር።

መኪና የለም፣ መንገዱ በተኩሱ ተዘግቷል። የሰፈሩ ሰው ቃሬዛ አመጣ። የፊቱን እንጨት የያዙት አያ ቢያድግልኝ ናቸው። ሽማግሌ አይሸከምም ቢባሉ «እኔ ነኝ በሩ እንዳይከፈት ያደረግሁ፣ እኔው እሸከማለሁ» ብለው እንቢ አሉ። ወደ ማንኩሳ እየተፈራረቁ ተሸክመው ወሰዱኝ። ተኩስ ሲሰማ ከነቃሬዛዬ ቦይ ውስጥ ይጥሉኛል፣ ሲያባራ ያነሱኛል። እኔ ጨለማ ውስጥ ነኝ።

«አያ፣ ሞቻለሁ እንዴ?» አልኳቸው።

«አልሞትክም።»

«እርግጠኛ ነዎት?»

«ሬሳ ተሸክሜ አውቃለሁ፣ እንዲህ አይለፈልፍም።»

ከማንኩሳ በባጃጅ ፍኖተ ሰላም ሆስፒታል ገባሁ። እዚያ ያየችኝ ዶክተር ልጅ እግር ናት፣ ድምጿ ብቻ ነው የሚታወቀኝ። ጎድኔ ሥር ስትነካኝ ወደ ጣሪያው ዘለልኩ። ሆዴ ላይ ቀዝቃዛ ነገር ቀባች፣ አልትራሳውንድ የሚሉት መሣሪያ አዞረችበት፣ ከዚያ ሳቀች።

«ጋሼ፣ የኮሶ ትል ማን ነው ያለዎት?»

«እኔ ነኝ ያልኩት።»

«ትል የለም። ሐሞት ከረጢትዎ ጠጠር ሞልቶበታል። ቅባት ሲበሉ ከረጢቱ ይጨመቃል፣ ጠጠሩ መውጫውን ይዘጋል፣ ያኔ ነው የሚያምዎ። ሲጾሙ ቅባት የለም፣ ይተኛል።»

ጠጠር! ከአገር ምስር ሁሉ ጠጠር ስለቅም የኖርኩ ሰውዬ ለራሴ ሆድ ሰፌድ አጣሁለት። ይህን ስነግራት እንደገና ሳቀች። ከዚያ ግን ድምጿ ተለወጠ።

«ጠጠሩን ቀዶ ጥገና ሠርተን እናወጣዋለን፣ አይፍሩ። ዓይንዎ ነው የሚያሳስበኝ። ኮሶ ከልክ ሲያልፍ ዓይንን ከአንጎል የሚያገናኘውን ነርቭ ይመርዛል። ሊመለስ ይችላል። ላይመለስም ይችላል።»

ያን ጊዜ ቀልድ አለቀብኝ። ማየት የማይችል ሰው ምስር አይለቅምም። ወጡ መብሰሉን ከቀለሙ አያውቅም። የሰው ፊት አያይም። የሺ እጄን ይዛ ነበር፣ እጇን አጥብቄ ያዝኩት።

ጠጠሩን አወጡት። ነርሷ በጠርሙስ አድርጋ መዳፌ ላይ አስቀመጠችልኝ፣ ስነቀንቀው ተንኳኳ። ከምስር በእጥፍ የሚበልጥ ነው፣ በእጄ ለየሁት። ማጭዱ ከዚያ ቀን ወዲህ ተመልሶ አልመጣም። ዓይኔ ግን እንዳለ ነው። ለእኔ ቀኑም ሌሊቱም አንድ ነው፣ ሌሊት መሆኑን የማውቀው የሰው ማንኮራፋት ሲበዛ ነው። ያኔ ነው የምፈራ። ከጎኔ የተኛው እግሩን የቆሰለ ገበሬ መፍራቴን አወቀ መሰለኝ፣ ጠዋት ጠዋት «ሼፍ፣ ነግቷል፤ ፀሐይዋ ጥዱ ዛፍ ላይ ወጥታለች» እያለ ይነግረኛል። ሳልጠይቀው ነው። እግዜር ይስጠው።

አንድ ነገር ግን ገረመኝ። የሺ ስትናገር አንዳንዷ ቃል ከጥርሷ መካከል እንደ ንፋስ ታፏጫለች።

«የሺ፣ ምን ሁነሽ ነው እንዲህ የምታፏጪ?»

«ጥርሴ ነው።»

«ጥርስሽ ምን ሆነ?»

«ምስር ስበላ ጠጠር ነከስኩ።»

«የማን ምስር?»

«ስንታየሁ ከወጥ ቤት ያመጣችልኝ።»

አልጋው ላይ ተነስቼ ቆምኩ! የቀዶ ጥገናው ስፌት ሊበጠስ ነበር። በእኔ ወጥ ቤት ምስር ጥርስ ተሰበረ? የሚስቴ ጥርስ? ስንታየሁ እስከ ማንኩሳ በእግሯ እየመጣች ትጠይቀኝ ነበር፤ ስትመጣ ጠበቅኳት።

«አንቺ! ዓይኔ ቢጠፋ ምስሩ ዓይን አጣ?»

«ሼፍ፣ እኔ እኮ...»

«ዝም በይ! የሚስቴን ጥርስ አስበልተሽ! ከዛሬ ጀምሮ ሽንኩርት ነው የምትልጪ፣ እስክትሞቺ ሽንኩርት!»

ልጅቱ «እሺ ሼፍ፣ ይቅርታ» አለች። በመጣች ቁጥር እሰድባታለሁ፣ በመጣች ቁጥር «እሺ» ትላለች። አንድ ቀን ጭራሽ ስትስቅ ሰማሁና ውኃ የያዘ ኩባያ ወረወርኩባት። ገበሬውን መታው። ይቅር አለኝ።

ከዚያ ብርሃን መጣ። መጀመሪያ እንደ ግራጫ ጉም ሆኖ መጣ፣ በኋላ የመስኮቱ ቅርጽ ታየኝ፣ በኋላ የሚንቀሳቀስ ሰው። ዶክተሯ ጣቷን ስታሳየኝ ስንት መሆኑን ነገርኳት፣ ተሳሳትኩ፣ ግን ጣት መሆኑን አውቄአለሁ! ዋርዱ ሙሉ እልል አለ። የሺን አየኋት፣ ነጠላዋን እስከ አፍንጫዋ ተከናንባለች። የሚያለቅስ ሰው እንደዚያ ስለሚሆን ምንም አላልኩም።

ቡሬ ስንመለስ መንገዱ ተከፍቷል። አያ ቢያድግልኝ ከደጅ ተቀበሉኝ፣ ጉንጬን ይዘው ዓይኔን ተራ በተራ አዩት፣ «ሁለቱም አሉ» ብለው መሰከሩ። ቤት ገባሁ። ዓይን ላገኘ ሰው ሁሉም ነገር አዲስ ነው፣ እየዞርኩ እያንዳንዱን አያለሁ። ጓዳ ገባሁ። ግድግዳው የረገፈበት ቦታ አለ። የነከስኩት የአልጋ እግር አለ። ጭልፋዬ መሬት ላይ ወድቋል።

ጥግ ላይ ደግሞ ጋኑ አለ። ጋኑ ሙሉ ነው። ስንጥቅ እንኳ የለበትም።

ቆሜ አየሁት። ዞርኩበት። ሆዱን በጣቴ መታሁት፣ እንደ ደወል ጮኸ። የሺ ከኋላዬ ቆማለች።

«ይህ ጋን ተሰብሯል አላልሽኝም?»

ነጠላዋን ወደ አፍንጫዋ ሳብ አደረገች።

«የሺ፣ ነጠላሽን ዝቅ አድርጊው።»

«አንዳርጌ፣ ተው።»

«ዝቅ አድርጊው።»

አደረገችው። የላይኛው ከንፈሯ ላይ የጭልፋው ጠርዝ ያህል ጠባሳ አለ፣ ከሥሩ የፊት ጥርሷ የለም። በዚያ ቀዳዳ ነው ስታፏጭ የሰነበተችው።

ያሳደገኝን የሚያውቅ ሁሉ ያውቃል፣ እኔ ሴት መትቼ አላውቅም። መሬቱ ላይ ቁጭ አልኩ።

«ለምን አልነገርሽኝም?»

«ምን ብዬ? ዓይንህ ይመለስ አይመለስ ባልታወቀበት፣ በማታየው ጥርስ እንድታለቅስ?»

«ስንታየሁስ?»

«እሷ ታውቃለች። እኔ ነኝ በምስሩ ላሳብብ ያልኳት። ቢሰድብሽ ይሻላል፣ ንዴት የያዘው ሰው አይሞትም አልኳት።»

ስንታየሁን ይቅርታ ጠየቅኳት፣ ያውም በሠራተኛው ሁሉ ፊት። «ሽንኩርቱስ ሼፍ?» አለችኝ። ሽንኩርቱን እኔ ልጬላታለሁ፣ እሷ አለቃ ሆና ቆማ አየችኝ። ለየሺ ጥርስ አስተክልሻለሁ አልኳት፣ «ተው፣ በዚህ ማፏጨት ተምሬአለሁ፣ ዶሮዎቹ ይሰሙኛል» አለች።

እንግዲህ ምክሬ ይኸውላችሁ። ቅባት በበላችሁ ቁጥር ቀኝ ጎናችሁን የሚያማችሁ፣ በጾም የሚተዋችሁ ካለ፣ አልትራሳውንድ ተነሱ፤ እንደ እኔ ቁጭ ብላችሁ አታስቡ። የባህል መድኃኒት መጽሐፍ አትጣሉ፣ መጽሐፉ አልዋሸኝም፤ ጭልፋ ያለው የእናቶችን ጭልፋ ነው። ዛሬ የምነግራችሁ ግን ልኩን አስተካክላችሁ ጠጡ አይደለም፤ ሳትመረመሩ አትጠጡ ነው። ኮሶ ጠጥቶ የሚጮኽ ሰው ስትሰሙ ደግሞ ወጉን ተዉትና በሩን ክፈቱ። ስትገቡ ግን ጎንበስ ብላችሁ ግቡ።

እኔ አሁንም ወጥ ቤቴ ውስጥ ነኝ፣ ዓይኔም ከሞላ ጎደል ደህና ነው። አመሌም አልተወኝም። ባለፈው በዝክር ላይ ጠላው ሞቅ ሲያደርገኝ ተነሳሁና «በእኔ ምስር ጥርሱ የተሰበረ...» ማለት ጀመርኩ። የሺ ከሴቶቹ መካከል ተቀምጣለች። ነጠላዋን ዝቅ አድርጋ ያንን ቀዳዳ እያሳየች ሳቀችልኝ።

እኔም ቃሉን ሳልጨርሰው ቁጭ አልኩ።